እሳት ያልነካው ሽቦ

ከጅማ ወደ አሰንዳቦ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት የተበጠሰ ሽቦ ይዘው አጠገባቸው ላለ ለማያውቁት ጎልማሳ ብሶታቸውን ያወሩለታል።

«የቡና ማድረቂያ አልጋዬ ሽቦ መሃሉ ላይ ተበጥሶ ቡናዬ አፈር ላይ ፈሰሰ! ነጋዴው ደግሞ መልሼ አልወስድም አለኝ።»

«እርጥብ ቡና ከብዶት ይሆናል፣ እናቴ።»

«ወላሂ፣ የድሮው ሽቦ ይሄንኑ ቡና ስንት ዓመት ተሸክሟል!»

«እስኪ ማሎ፣ እባክዎ ያሳዩኝ።»

«እንካ። እጠፈውና መልሰህ ዘርጋው።»

«ኧረ ተሰበረ!»

«አየህ? ይሄ ሽቦ ነው ወይስ ጭራሮ?»

«ብረቱ ራሱ ከውራጅ የቀለጠ ነው። እሱስ ባልከፋ። ግን ብረት በጠባብ ቀዳዳ እየተጎተተ ሲቀጥን ይደርቃል። መሃል ላይ እሳት ገብቶ ካልለሰለሰ እንዲህ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን እሳት አያስገቡትም?»

«ናፍጣና ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ቀረ።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እዚያው ሽቦ ፋብሪካው ውስጥ ነው የምሠራው።»

«አስተግፊሩላህ! እያወቅህ ነው የምትጎትተው?»

«አለቃ ካዘዘ ምን አደርጋለሁ?»

«እኔ ቀዩን ብቻ መርጬ ስለቅም፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳገላብጥ፣ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ትቼዋለሁ? አፈር የነካ ቡና ማን ይቀበለኛል? አንተ ትጠጣዋለህ?»

«ወራጅ አለ!»

«አሰንዳቦ ገና ነው፣ የት ትወርዳለህ? ተቀመጥና መልስልኝ!»

እኔ በዚያው ጠዋት ከጅማው መርካቶ ገዝቼ እግሬ ሥር ያኖርኩትን ጥቅል ሽቦ ጫፉን ይዤ አጠፍኩት፤ መልሼ ለመዘርጋት ግን እጄ እምቢ አለኝ።