ቅመስልኝ የተባልኩት ዊስኪ

አፈሳው በጦፈበት ሰሞን ነው። ጂዳ፣ በግዳዲያ የሚባል ሰፈር፣ የአንድ ሰውዬ ቤት ግድግዳ እየቀባሁ ነበር። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ ውጭ ፖሊስ እንደኔ ያለውን ሐበሻ እየለቀመ ይጭናል። ሰውየው ድንገት በሩን ቆለፈና ከቁም ሳጥኑ ዊስኪ አወጣ። እዚያ አገር ያ ጠርሙስ ከእኔም የባሰ ወንጀል ነው! «አዲስ አበባ ባር ውስጥ ሠርቻለሁ ብለኸኝ የለ? ያላ፣ ቅመስና ፍርድህን ስጠኝ» አለኝ። እምቢ ብል አውጥቶ ይጥለኛል ብዬ ተጎነጨሁለት። እመኑኝ፣ ደህና ነበር። ሲንግል ሞልት የሚሉት የገብስ ብቅል ዊስኪ ነው፤ በወይራ እንደታጠነ የጠላ ጋን ጭሱ ሽው ይላል፣ መጨረሻው ላይ ማር ማር ይላል። «ውድ ዕቃ አይደለም፣ ግን አያሳፍርም። ይጠጡት» አልኩት።

እሱ ግን አልቀዳም። ሰዓቱን አየና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ አስመስለው የሠሩትን ዊስኪ ጠጥቶ ዓይኑ ጠፋ» አለኝ። ልነሣ ስል ከመንገዱ የፖሊስ መኪና ጩኸት ሰማሁና መልሼ ቁጭ አልኩ። ሰውየው እጁን ዓይኔ ፊት ዘረጋ።

«ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። አሁንም አልቀዳም።