የጨረታው ሣጥን ቁልፍ

ለሕክምና ማዕከላችን የፕሪንተርና የስካነር ጨረታ ልንከፍት ተሰብስበናል፤ የሣጥኑ ቁልፍ ግን የለም። ቁልፍ ያዧ እትዬ አበራሽ አጎታቸው አርፈውባቸው አዘዞ ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው አይነሳም። እስከ ምሳ ሰዓት ካልተከፈተ ጨረታው ሊሰረዝ ነው። ቁልፉን ላመጣ ስነሳ፣ "ብቻህንማ አትሄድም!" ብለው ተጫራቾቹ ሁሉ አብረውኝ በማዕከሉ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ እትዬ አበራሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው፣ "ሥራችሁን ጥላችሁ መጣችሁልኝ!" ብለው አለቀሱ። ከዚህ ወዲያ ማን ደፍሮ ቁልፍ ይጠይቃል? እርስ በርስ ሲጠራጠሩ ያረፈዱት ተጫራቾች አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ከአንድ ሰሃን ንፍሮ ዘገኑ። እኔ ሰዓቴን ሰርቄ አያለሁ።

"እግዜር ያጥናዎ" ብለን ስንነሳ ቁልፉን ከቦርሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። "በር ላይ ሳይህ የመጣህበት ገብቶኛል፤ ሰዓቱም አያልፍብህም" አሉኝ፣ በእንባቸው መሀል ፈገግ ብለው። "ግን ቁልፉን መጀመሪያ ብሰጥህ፣ ቁጭ ትሉልኝ ነበር?"