የጓንት ሻጮቹ ወንበር

ጌታዬ ሚስተር ሆልሮይድ ከአንዲት ጠባብ የጨርቅ ሱቅ ተነስተው በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ ባለ አራት ፎቅ መደብር ያቆሙ፣ በስተርጅናም ለፓርላማ የተመረጡ ሰው ናቸው። እኔ ክሌግ የመደብሩ ተቆጣጣሪ ነኝ። ገበያተኛ ኖረም አልኖረም ሻጮቹ ቆመው እንዲውሉ ሳስገድድ ኖሬአለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ለንደን ልሸኛቸው ባቡር ጣቢያ ስንደርስ፣ በመጠበቂያው ክፍል ሄስተርን አገኘናት። ስድስት ዓመት ጓንት ሸጣልናለች፤ ዛሬ አስተማሪ ናት፣ በከዘራ ትሄዳለች። መሳቢያ ተደግፋ ስላየኋት ከሥራ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ደህና ነሽ ልጄ?» አሉና ጌታዬ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «እግሬ አልቋል። ያ ፓርላማ ለአባላቱ እንኳ የሚበቃ መቀመጫ የለውም። ባለፈው ሁለት ሰዓት ሙሉ አቁመውኝ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ።»

«እግዜር ይማርዎ። ዛሬስ ምን ጉዳይ ይዘው ነው?»

«ለሱቅ ሴቶች ወንበር ይሰጥ የሚል ሕግ ቀርቧል፤ ልቃወመው ነው።»

«ሁለት ሰዓት ነው ያሉኝ?»

«ሁለት ሰዓት።»

«እኔ በቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ነበር የምቆመው።»

ጌታዬ ተቆጡ። «እኔስ ቆሜ አይደል ያደግሁት? የተቀመጠች ሻጭ ሰነፍ ትመስላለች።»

«እርስዎ ዕቃ ሊያደርሱ ይወጡ ይገቡ ነበር። እኛ ከቆምንበት የወለል ሳንቃ ንቅንቅ አንልም። ገበያተኛዋ ወንበር አላት፤ ለኛ ወንበር የሚፈለገው ራሳችንን ስተን ስንወድቅ ነው። ደግሞስ ጌታዬ፣ እግሯን ያመማት ልጅ ምን ፈገግታ ኖሯት ትሸጣለች?»

«ክሌግ፣ እውነት ይወድቃሉ?»

ይወድቁ ነበር። እኔ በጓሮ በር አስወጥቼ ፊታቸውን ውሃ አስረጭ ነበር፤ ለጌታዬ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ «አዎ» አልኩ።

ጌታዬ ዞረው ከዘራዋን አዩት።

«አፈርኩ ልጄ» አሉ። «ሕጉን እደግፋለሁ። አንተም ክሌግ፣ ሕጉ እስኪወጣ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ወንበር አስገባ።»

አስገባሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ግን አንዷም አልተቀመጠችም። ምክንያቱን ብጠይቅ አንዷ ጓንት ሻጭ፣ «እርስዎ እያዩን ማን ደፍሮ ይቀመጣል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ፎቁን ለቅቄላቸው እወርዳለሁ።

ዛሬ ራሷን ስታ የምትወድቅ የለችም። ሻጮቹ ሳቂታ ሆነዋል፣ ገበያውም ከድሮው ደርቷል። ያረፈ እግር ደኅና እንደሚሠራ ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ ግን እንደኔ አትዘግዩ፤ ዛሬም ድንገት ስገባ፣ «ተቀመጡ ልጆቼ» እያልኳቸው ሁሉም ብድግ ይላሉ።