ስለ ውስጠኛው ስፌት የተደረገ ክርክር

እትዬ ደማቀች በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ ከኻልዳ ሰፈር እስከ ዳቡቅ በየቤቱ እየዞሩ በሰዓት እየተከፈላቸው መጋረጃና ቀሚስ የሚጠግኑ ሴት ናቸው። መርፌ ከያዙ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስለዚህ በመርፌ የሚሠራ ነገር ሁሉ፣ ክትባት ሳይቀር፣ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ይመስላቸዋል።

በ1999 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን፣ አንድ ዓርብ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ጎረቤታቸውን ጽናትን አስከትለው ወደ ጁበይሃ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ከኋላ ወንበር ዳግማዊትን አገኟት። ዳግማዊት ደሴ ከተማ ነርስነት ተምራ፣ አሁን ዳቡቅ አንዲት ማዳም ቤት የምትሠራ፣ ዓርብ ብቻ የምትወጣ ልጅ ናት።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ሐኪም ዘንድ። ጽናት የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ይሄኛውን ግን አምጣ ትወልዳለች። ስለ ጠባሳው ከጠየቋት ትርፍ አንጀት ነው በዪ ብያታለሁ።»

ጽናት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህን ምክር ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

«ለምን ትዋሻለች?»

«ካወቁማ ደግመው ይቀዷታላ!»

«እትዬ፣ ምጥ ላይ ማህፀኗ በስፌቱ ቢተረተር እሷም ልጇም ሊሞቱ ይችላሉ። የብዙዎቹ አይተረተርም፤ ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት።»

«ከተሰፋች ሦስት ዓመቷ ነው። አይቼዋለሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ስፌት። እኔም ብሰፋው ከዚህ አላሳምረውም።»

«ያዩት የቆዳውን ነው። የውስጡ ሌላ ነው። አንዱ ሐኪም ማህፀኑን በአንድ መስመር ይዘጋል፤ ሌላው ሁለተኛ መስመር ይደርብበታል። አንዱ ክሩን በየዙሩ እየቆለፈ ይሰፋል፤ ሌላው ሳይቆልፍ።»

እትዬ ደማቀች ተቆጡ። «በአንድ መስመር? እንኳን ማህፀን የሶፋ ጨርቅ በአንድ መስመር አልሰፋም! ሁለት መስመር፣ ያውም ጥብቅ ተደርጎ፣ ተቆልፎ!»

ሹፌሩ ጠብ መስሎት «ኻላስ፣ ኻላስ» አለ፤ ይብቃችሁ ማለቱ ነው። የሰማው የለም።

«ስስ ጨርቅ ሲጠብቅ ምን ይሆናል?» አለች ዳግማዊት።

«ይጨማደድና ከስፌቱ ጎን ይቀደዳል» አሉ እትዬ ደማቀች ሳይወዱ በግዳቸው።

«ሥጋም እንደዚያው ነው። ጠበቅ ሲል መድማቱ ይቆማል፤ ከልክ ካለፈ ግን ሥጋው ደም አጥቶ ይሳሳል።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«ለቀጣዩ ምጥ ሁለቱ መስመር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አንዱም ይበቃል፣ ቶሎም ያልቃል የሚሉ አሉ። ሐኪሞቹ ገና እየተሟገቱ ነው።»

እትዬ ደማቀች ይህን ሲሰሙ ሐኪሞችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዷቸው። ሙግት የሚወድ ሰው ሁሉ ዘመዳቸው ነው።

«አንዲት ማዳም ሌላ ሰው የሰፋውን ቀሚስ ጠቦኛልና አስፊልኝ ብትልዎ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ገልብጬ አያለሁ። ሳይገለብጥ መቀስ የሚያነሳ ልብስ ሰፊ አይባልም።»

«ሐኪሙ ማህፀን መገልበጥ አይችልም። የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ወረቀት ካላየ የሚያውቀው ነገር የለም። በየት በኩል እንደተቀደደ፣ በስንት መስመር እንደተሰፋ እዚያ ተጽፏል።»

እትዬ ደማቀች ወደ ጽናት ዞሩ። መካሪ ሰው ሲረታ ተረታሁ አይልም፤ አዲሱን ምክር እንደ ገዛ ራሱ አድርጎ ይቆጣበታል።

«ጽናት! ወረቀቱን ጥለሽ የመጣሽው ምን ነክቶሽ ነው?»

«ደብቂው አላሉኝም?»

«በይ ዝም በይና ሹፌሩን መልሰን በዪው!»

ወረቀቱን ከቤት ይዘው ሲመጡ ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማህፀኑ የተቀደደው ለምጥ በሚሻለው በታች በኩል፣ አግድም ነው፤ ስፌቱ ሁለት መስመር ነው፤ ሦስት ዓመትም አልፎታል። «አምጠሽ መሞከር ትችያለሽ» አለች፤ «ግን እዚሁ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ አጠገብ፣ እየተከታተልንሽ።» እትዬ ደማቀች በውሸት ሊያገኙት ያሰቡትን በእውነት አገኙት።

በወሩ ጽናት ምጥ ያዛት። እትዬ ደማቀች በሆስፒታሉ መተላለፊያ ተቀምጠው ለአገራቸው ልጆች ምክር ያድሉ ጀመር፦ «የተቀደደች ሴት ወረቀቷን ሳትቀበል ከሆስፒታል አትውጣ። ፓስፖርቷን ማዳሟ ብትይዝባት እንኳ ይህን ራሷ ትያዝ። ሐኪሙ አውቆ ከገባ ያለ ምክንያት አይቀድም፤ መቅደድ ሲያስፈልግም አይዘገይም። እናትም ትተርፋለች፣ ልጅም ይተርፋል።»

ንግግሩ ሳያልቅ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ፣ ያለ አንዳች መቀስ። እትዬ ደማቀች እልል አሉ። ነርሷ ዝም ልታሰኛቸው ስትሮጥ፣ ተራ የሚጠብቁት የዮርዳኖስ ሴቶች፣ ማን እንደወለደች እንኳ ሳይጠይቁ፣ በራሳቸው እልልታ ተቀበሏቸው።