በራቸውን ያዞሩት እትዬ ሜትር

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የታላቅ እህቴን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እንዳነብላችሁ ታዝዣለሁ፤ ማሳጠሩን ግን እንጃ።

እህቴ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል እንደደረሱ አባታችን ከመወጣጫ ላይ ወድቀው አልጋ በመያዛቸው፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው በቢራ ፋብሪካ የጠርሙስ እጥበት ክፍል ተቀጠሩ፤ በዚያም አሥራ አራት ዓመት ቆመው ሠሩ። የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ከዚያም ባጠራቀሙት ሁሉ ዋናውን መንገድ ፊት ለፊት የምታይ ቤት ገዝተው፣ ማቀዝቀዣና ስድስት ጠረጴዛ አስገብተው፣ የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ ለማግኘት ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አመለከቱ።

ደንቡ የመጠጥ ቤት በር ከትምህርት ቤት በር፣ በእግር መንገድ ሲለካ፣ መቶ ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል። ሊለካ የመጣው የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሜትሩን ዘርግቶ መቶ ሁለት አገኘ፤ ሊፈርምም ብዕሩን አወጣ። ይህን ጊዜ እህቴ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ወንድሜ፣ የጀመርከው እኮ ከዘበኛው በር ነው፤ ልጆቹ የሚወጡት በትልቁ በር ነው» አሉት። እንደገና ቢለካ ዘጠና አራት ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማመልከቻው እዚያው ወደቀ። ባለቤታቸው ሦስት ቀን አኮረፉ፤ እኔ ደግሞ እስኪበቃኝ ሳቅሁባቸው። «እትዬ ሜትር» የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ተቀበለኝ።

እሳቸው ግን የግንበኛ ልጅ ነበሩና የአባታችንን መዶሻና መሮ አንስተው የጓሮውን ግድግዳ ሰበሩ፤ የፊቱን በር በገዛ እጃቸው በጡብ ደፍነው፣ መንገድ ዳር ብለው የገዙትን ቤት ሰው ወደማያዘወትረው የጓሮ ቅያስ አዞሩት። ያው ሠራተኛ ተመልሶ መጥቶ ሲለካ መቶ ሃያ ሰባት አገኘ፤ አላምን ብሎ ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ከዚያም የተደፈነውን በር በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ ፈረመ። እኔም ያን ቀን መሳቄን አቆምኩ።

ደንበኛ እያጠያየቀ መጣላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለልጅ አልሸጡም፣ ለሰከረ አልደገሙም፤ «ይበቃሃል፣ ቤት የሚጠብቅህ ሰው አለ» ካሉ አለቀ ነበር። ለእኔ ለወንድማቸው እንኳ ከሁለት ብርጭቆ በላይ ቀድተውልኝ አያውቁም፤ ይህ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ታላቂቱ ልጃቸው አብራቸው ትሠራ ጀመር፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በዚያው ቤት ገቢ ነው።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመሙ፤ ሐኪሞቹም ተስፋ እንደሌለ ነገሩን። ፈቃዱ በስማቸው ብቻ የሚሠራ፣ ለልጅም የማይተላለፍ በመሆኑ፣ እሳቸው ሲያርፉ ቤቱ መዘጋቱ ነበር። ስለዚህ ሞታቸውን ለጽሕፈት ቤቱ ሳንናገር፣ ልጅቱ የራሷን ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ በስማቸው እንድንሠራበት በጓዳ ተመካከርን፤ ለካ ይሰሙን ኖሯል። በማግሥቱ ጥሩ ልብሳቸውን አስለብሱኝ ብለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ግፋኝ አሉኝ። ጽሕፈት ቤቱ እንደደረስን ፈቃዱን ከነመስታወቱ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እኔ መሞቴ ነው፤ በሙት ስም መጠጥ አይሸጥም» አሉ። በክፍሉ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ ብድግ አሉ። የልጃቸውን ማመልከቻ በዚያው ቀን አስገቡ፤ ከሌላው ሰው ይቅደምልኝ ብለው ግን አልለመኑም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አረፉ።

እህቴ ሁለት ሴቶች ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና እኔን ትተው ሄደዋል። ታላቂቱ ልጃቸው ቤቱን ዘግታ መልስ እየጠበቀች ነው፤ እስካሁን አልመጣም። በጓዳ ያንን ምክር ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር። ያን ቀን ወንበራቸውን እየገፋሁ ስንመለስ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ግን እጄን ያዝ አድርገው «ደከመህ አይደል?» አሉኝ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቅኖች ማረፊያ ያሳርፍልን፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ።