ለሬዲዮ የተመከረበት ቃል

ሬሐና ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ሱሉልታ ወደሚገኘው ወተት መሰብሰቢያ ስትገባ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቀጄላ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ስም ልትመዘግቢ ከሆነ እዚህ ማንም የለም!»

ጊዜው ጥር 2008 ዓ.ም. ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ካየለ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው ስም መዝግቦ ያሳስራል እየተባለ በደህና ዓይን አይታይም። ሬሐና ዓይናፋር ነበረች።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ» ብላ እንደ ምንም በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። «የባለሱቁ የከድሩ ልጅ ነኝ። አምና በጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ። ዛሬ ሬዲዮ በስልክ ያነጋግርዎታል አሉ፤ አባቴ አግዣቸው ብሎ ላከኝ።»

«የከድሩ ልጅ! እኔማ ፈርቼሽ እኮ ነው» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ግን አልቆየም። ገና አልፎ ፍስክ ቢገባም፣ የወተት መኪና ከአዲስ አበባ ከቀረ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አርባ ቤት ወተቱን እየደፋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ኦቦ ቀጄላ ለሬዲዮው ሲናገሩ መርቀው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረው ሩብ ሰዓት ተርከው ነበር። በተቃውሞው ተዘግቶ የነበረው መንገድ መከፈቱን የተናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። የተላለፈው ግን «ድንጋይ ሲወረወር በዓይኔ አየሁ» ያሉት ብቻ ሆነ። ሾፌሮቹም ያንን ሰምተው ቀሩ።

«አሁን የሚሉትን አስቀድመን እንጻፍ» አለች ሬሐና።

«ልጄ፣ ተጽፎ የሚነበብ ቃል የካድሬ ነው። እውነት ጥናት አይፈልግም።»

«አንቱ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ፣ ማን ምን እንደሚል ሳትማከሩ ነው ደጅ የምትደርሱት?»

«እንመካከራለን እንጂ! ሳይመካከር የሄደ ሽማግሌ፣ እንኳን ልጅ ውሃም አያገኝ።»

«ታዲያ ውሸታሞች ናችሁ?»

«አይ የከድሩ ልጅ! አባትሽም ሲሸጥ እንዲሁ ነው» አሉና ወንበር ሳቡላት።

እሷም ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ጋዜጠኛ ሩብ ሰዓት ሰምቶ ግማሽ ደቂቃ ያስተላልፋል፤ ዋናውን ነገር ባለጉዳዩ ካልመረጠ፣ የሚቆርጠው ሰው ይመርጥለታል።

«ሾፌሮቹ ምን ቢሰሙ ነው የሚመጡት?»

«መንገዱ ክፍት መሆኑን። ተቃዋሚዎቹ ወጣቶች ወተትና በሽተኛ የጫነ መኪና እንደማይነኩ፤ ትናንት በፊቴ ቃል ገብተዋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ እንደምንጠብቃቸው። ደግሞ ከእንግዲህ ድንጋይ አይወረወርም ብለሽ ጻፊ።»

«ይሄን የመጨረሻውን በእርግጥ ያውቁታል?»

«አላውቅም። ሰርዢው» አሉ ሽማግሌው። «በተቃውሞው ስለታሰሩት ልጆች ጋዜጠኛው ቢጠይቀኝስ? የወንድሜ ልጅ አለበት፤ ዝም አልልም።»

«ዝም አይበሉ። የሚያውቁትን ይናገሩ፤ የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ። ከዚያ ወደ መንገዱ ይመለሱ። መልእክት መያዝ እውነት መደበቅ አይደለም።»

«ምርቃቴስ?»

«መጨረሻ ላይ ይሁን።»

«ቢቆርጡትስ?»

«ፈጣሪ ሳይቆረጥ ይሰማዋል።»

ኦቦ ቀጄላ ከልባቸው ሳቁ። ሦስቱን ነገር በቃላቸው እስኪይዙም ደጋግማ ጠየቀቻቸው። የተመከረበት ቃል ሰሚን ከስህተት፣ ተናጋሪን ከጸጸት ያድናል፤ ብዙ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ ምርጫ ያስፈልገዋል።

ከሰዓት በኋላ ጋዜጠኛው ደወለ። ስለ ድንጋዩም፣ ስለታሰሩትም ጠየቀ። ሽማግሌው ለሁለቱም አጭር መልስ ሰጥተው ወደ መንገዱ ተመለሱ። ማታ በዜና የተሰማው መንገዱ ክፍት መሆኑ፣ የወጣቶቹ ቃልና ሰዓቱ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት የወተት መኪኖች መጡ፤ ሦስተኛው እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። በዚያ ቀን ወተት የደፋ ቤት አልነበረም። ማኅበሩም ከዚያ ወዲህ ለሬዲዮ ቃል ከመስጠቱ በፊት ተሰብስቦ ይመክር ጀመር።