የጎረቤቴ ስም እና የአባቴ ሙያ
እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአገር ቤት ሊጠይቀኝ ከመጣው አባቴ ጋር ወደ ሐበሻ ሱቅ ስንወጣ፣ ሆላንዳዊው ጎረቤቴ ሚስተር ደ ዌቨር ደጅ ላይ አገኙን። የአባቴን ጋቢ ዳሰስ አደረጉና «ስሜ እኮ በእኛ ቋንቋ ሸማኔ ማለት ነው፤ ከቅድመ አያቶቼ ሙያ የመጣ ነው» ብለው ኮሩብን። ስተረጉምለት አባቴ ሳቀ። «ታዲያ ይሄን ጋቢ ማን እንደሠራው ንገራቸዋ!»

«የሸማኔ ልጅ» እየተባልኩ ተሰድቤ ስላደግሁ፣ እዚህ ለሰው ሁሉ አባቴ ነጋዴ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ግን እሱ ፊት ቆሜ እንዴት ልዋሽ? ነገርኳቸው። ሽማግሌው የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኛ ቤት እኮ የቀረው ስሙ ብቻ ነው!» አሉት። ከዚያ እስከ ሱቁ ድረስ ያገኘሁትን ሐበሻ ሁሉ አስቆምኩ፦ «አባቴ ነው፤ ሸማኔ ነው!»